«ሆድ ይፍጀው» እስከ መቼ? የነፍሰ ጡር እናት ጭንቀትና የሚወለደው ልጅ

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ግን በግልጽ የማይወራ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ የሚይዛት ጭንቀትና ሐሳብ፣ እንዲሁም የተፈጠረችበት ጠባይ፣ በወሊዷና በሚወለደው ልጅ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? በዚህ ላይ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ብዙ ተጠንቷል። ከጥናቶቹ ውስጥ ለቤተሰቦቻችን ይጠቅማል ያልነውን መርጠን እናቀርባለን። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ወደ ጥናቶቹ ከመግባታችን በፊት ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ ነገር እናስታውስ። ቦታው ጢፓት ሐላብ ነው። አንዲት እናት ስድስተኛ ወሯን አልፋለች። ነርሷ ከወረቀት ላይ እያነበበች በዕብራይስጥ ትጠይቃታለች፤ እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ? ያለ ምክንያት ትፈሪያለሽ ወይ? ታለቅሻለሽ ወይ? እናትየዋ ዕብራይስጡ በደንብ ስለማይገባት የዐሥር ዓመት ልጇን ይዛ መጥታለች። ልጅቷ ትተረጉማለች። እናት ልጇን አየት ታደርጋትና «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በያት» ትላለች። ልጅቷም «ሃኮል በሴዴር» ብላ ታሳጥረዋለች። ነርሷ ይህንኑ ትጽፋለች። እናትየዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም። ለእናታቸው ሲያስተረጉሙ ያደጉ ልጆቻችን ይህን ነገር አሳምረው ያውቁታል።

ለምን «ደኅና ነኝ» አለች? በእኛ ዘንድ ሆድ ብዙ ነገር ይሸከማል። ልጅ የሚያዘው በሆድ ነው፤ ምሥጢርም፣ ቂምም፣ ሐዘንም የሚያዘው በሆድ ነው። ታጋሹን «ሆደ ሰፊ»፣ ቶሎ የሚከፋውን «ሆደ ባሻ» እንለዋለን። ለሰው የማይነገር ነገር ሲገጥመን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን ዝም እንላለን። በተለይ ሴት ልጅ ገመናዋን በሆዷ እንድትይዝ ተመክራ ነው ያደገችው። እርግዝናው ራሱ እንኳ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ አይወራም ነበር፤ ዓይን እንዳይገባው፣ ቡዳ እንዳያየው እየተባለ። እንግዲህ ነፍሰ ጡሯ በአንድ ሆድ ልጁንም ጭንቀቱንም ይዛ ትዞራለች ማለት ነው።

ሐኪሞች ልጅ በሰላም ተወለደ ለማለት በመጀመሪያ የሚያዩት ጊዜውንና ክብደቱን ነው። እርግዝና በተለምዶ 40 ሳምንት ያህል ሲሆን፣ 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። ሲወለድ ከ2,500 ግራም፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ተኩል፣ ያነሰ ልጅ ደግሞ ዝቅተኛ ክብደት ያለው ልጅ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ልጆች ያለ ጊዜያቸው ተወልደዋል፤ ይህም ከ10 ልጆች አንዱ ማለት ነው። እዚህ በእስራኤል በፓጊያ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል፣ እጅግ ትንንሽ ሕፃናት ታክመው ለማደግ ይበቃሉ። ሆኖም ልጁ ጊዜውን ጨርሶ ቢወለድ ይመረጣል፤ ሳንባው፣ አንጎሉና የመጥባት ኃይሉ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነውና የሚጠነክሩት።

ልጅ ያለ ጊዜው እንዲወለድ የሚያደርጉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የመንታ እርግዝና፣ የማኅፀንና የሽንት ኢንፌክሽን፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ መኖር ከዋነኞቹ መካከል ናቸው። ጭንቀት ከነዚህ ጋር ሲወዳደር አነስ ያለ ድርሻ ነው ያለው፤ ቢሆንም አለ። ይህን ከመጀመሪያው የምንናገረው እናቶች እንዳይደነግጡብን ነው። «አሁን ደግሞ ስለ ጭንቀቴ ልጨነቅ?» የምትል እናት ካለች፣ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ተመራማሪዎቹ ጠባይን ከጊዜያዊ ስሜት ለይተው ያዩታል። ጠባይ የሚሉት ሰው ዘወትር ይዞት የሚኖረውን ነው፤ እኛ «ልበ ሙሉ ናት»፣ «ሐሳብ ታበዛለች»፣ «ተስፋ አትቆርጥም» የምንለውን። ጊዜያዊው ስሜት በኑሮ፣ በሐዘን ወይም በጠብ ምክንያት መጥቶ የሚሄደው ነው። ከሁለቱም ሌላ ስለ እርግዝናው ብቻ የሚሆን ፍርሃት አለ። ልጄ ጤነኛ ይሆን? ምጡን እችለው ይሆን? በኦፕራሲዮን ያዋልዱኝ ይሆን? ሐኪሙ የሚለውን ሳልሰማ የሆነ ነገር ያስፈርሙኝ ይሆን? ያለ ጊዜ ከመውለድ ጋር ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ ተያይዞ የተገኘው ይህ የመጨረሻው ዓይነት ነው።

በ1999 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን በደንብ ያሳያል። ክሪስቲን ሪኒ፣ ክሪስቲን ደንከል ሼተርና ባልደረቦቻቸው 230 ነፍሰ ጡሮችን ተከታተሉ፤ 120ዎቹ ትውልዳቸው ከላቲን አሜሪካ፣ 110ሩ ደግሞ ነጮች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የለኩት ሦስት ነገሮችን ነው። እነርሱም ራስን ማክበር፣ የኑሮዬን ነገር ራሴ መምራት እችላለሁ ብሎ ማመንና ደግ ነገር ይመጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ ናቸው። እነዚህ የጠነከሩላቸው ሴቶች ክብደታቸው ሻል ያለ ልጆች ወለዱ። ጭንቀት የበዛባቸው ደግሞ ቀደም ብለው ወለዱ። ልብ በሉ፣ ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ነው የሄዱት፤ ጠባዩ ከክብደቱ ጋር፣ ጭንቀቱ ከጊዜው ጋር። ልበ ሙሉ መሆንም ጭንቀቱ የሚያመጣውን አልከለከለም። «እሷ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች» እያልን ብቻዋን የምንተዋት ሴት ካለች፣ ይህ ግኝት ስለ እሷ ነው።

በዚያው ጥናት ውስጥ እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ያ የመንፈስ ጥንካሬ በይበልጥ የተገኘው ባገቡት፣ ገቢያቸውና ትምህርታቸው ከፍ ባለው፣ በነጮቹም ዘንድ ነበር። ስለዚህ «ጠባይ» ብለን የምንጠራው ነገር ከደመወዝ፣ ከትምህርትና ሰው ለሰው ከሚሰጠው ክብር ጋር የተጋመደ ነው። የቤት ኪራዩ ቀን ደርሶባት፣ አሠሪዋ እርጉዝ መሆኗን ቢያውቅ ያባርረኛል እያለች ሆዷን በሰፊ ልብስ የምትሸፍን ሴት፣ ተስፈኛ አይደለሽም ተብላ ልትወቀስ አይገባም።

በ2000 ደግሞ ማርሲ ሎቤል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሐኪሞች አስጊ ያሉት እርግዝና የነበራቸውን 129 ሴቶች አጥንታለች። ከሁሉ ያነሰ ተስፋ የነበራቸው ሴቶች ልጆች ክብደታቸው አነስ ብሎ ተገኘ። ተስፋ ያላቸው ሴቶች ደግሞ ይበልጥ በእግር የሚሄዱ፣ ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅሱ ነበሩ፤ ያ እንቅስቃሴም ያለ ጊዜ ከመውለድ አደጋ ማነስ ጋር አብሮ ተገኘ። ነገሩ ተአምር አይደለም። ደግ ነገር እጠብቃለሁ የምትል ሴት ትበላለች፣ ትነሳለች፣ ቀጠሮዋን ታከብራለች። ልቧ የተሰበረ ሴት ምግቡም አይወርድላትም፣ ሐኪም ቤቱም ይርቃታል።

ሁሉም ነገር ጠባይ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ መከራም አለ። በጃንዋሪ 17 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነፍሰ ጡሮች ሲጠኑ፣ መንቀጥቀጡ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ወራት የደረሰባቸው ሴቶች በመጨረሻው ወራት ከደረሰባቸው ይልቅ ቀደም ብለው ወልደዋል። በእዚያው በካሊፎርኒያ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በነበሩት ስድስት ወራት፣ የዐረብ ስም ያላቸው ሴቶች ዝቅተኛ ክብደት ያለው ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ከፍ ሲል፣ በሌሎቹ ሴቶች ላይ ይህ አልታየም። እነዚያ ሴቶች በጎዳናው ላይ በጥርጣሬ ዓይን ሲታዩ የከረሙ ናቸው። በቆዳችን ቀለም ምክንያት የተለየ ዓይን አይቶን ለሚያውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ አገራችን ወደ እስራኤል ስንመጣ፣ በታማር ዋይንስቶክ የተመራ በ2014 የታተመ ጥናት አለ። ጥናቱ በሮኬት ስትደበደብ የኖረችውን ስዴሮትን በዚያን ጊዜ የሮኬቱ ድብደባ ከማይደርስባት ከክርያት ጋት ጋር አወዳደረ፤ የተጠኑት ወሊዶች ከ2008 በፊትና በ2008 የነበሩ ናቸው። በሁለቱም ከተሞች ወገኖቻችን ይኖራሉ። በስዴሮት ያለ ጊዜ የሚወለዱና ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ልጆች ከክርያት ጋት በዝተው ተገኙ። ልዩነቱ ከመቶ እናቶች የጥቂት እናቶች ነው። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ሁሉ ሲሬናና ሩጫ ውስጥ እንኳ አብዛኞቹ የስዴሮት እናቶች ልጆቻቸውን በጊዜያቸው ወልደዋል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ ድርስ እርጉዝ ሆና ወደ ማማድ ያልሮጠች፣ ወይም ባሏ ሚሉኢም ተጠርቶ ሌሊቱን ስልክ ስትጠብቅ ያላደረች ሴት በየመንደሩ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ሁለቱንም ቁም ነገሮች አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ታዲያ የእናት ሐሳብ በምን መንገድ ልጁ ዘንድ ይደርሳል? ጭንቀት ሲይዘን ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይገባል። በእርግዝና ጊዜ ይህ ሆርሞን ያለ ጭንቀትም ይጨምራል፤ ልጁም ለሳንባው ያስፈልገዋል። የእንግዴ ልጁ ደግሞ ከእናቲቱ የሚመጣውን ኮርቲሶል አብዛኛውን ኃይሉን ሰብሮ ነው የሚያሳልፈው። ልጁ ያለ አጥር አልተተወም። ይሁን እንጂ የእንግዴ ልጁ ራሱ ሲ.አር.ኤች. የሚባል ሌላ ሆርሞን ይሠራል፤ ኮርቲሶል ሲበዛ ይህም ይበዛል። በ1995 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያለ ጊዜያቸው በሚወልዱ እናቶች ደም ውስጥ ሲ.አር.ኤች. ገና ከእርግዝናው አጋማሽ አስቀድሞ ከፍ ብሎ አገኙትና «የእንግዴ ልጅ ሰዓት» አሉት። ሰዓቱ ቀድሞ ሲሞላ ምጡ ቀድሞ ይመጣል እንደ ማለት ነው። ይህን ለክቶ ግን እገሊት ያለ ቀኗ ትወልዳለች ብሎ መናገር አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በአገር ቤት ልጅ ደጋግሞ የሚሞትባትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሏት ነበር። ስንቷ ሴት በዚህ ስም ተፈርታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከትዳሯም ወጥታ ኖራለች። ዛሬ ሐኪሞች «ሾተላይ» ሲሉ የእናቲቱና የልጁ የደም ዓይነት በአርኤች አለመስማማቱን ነው የሚያወሩት፤ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሚሰጥ መርፌም ይከላከሉታል። ታዲያ የድሮውን ሾተላይ ጥለን ጭንቀትን አዲስ ሾተላይ አድርገን ማቆም የለብንም። ልጁ ያለ ጊዜው ቢወለድ «አንቺ አስበሽ አስበሽ ነው» ብሎ አራስን መውቀስ ሐሰትም ጭካኔም ነው። ካልተረጋጋሽ ልጁን ትጎጂዋለሽ ብሎ ማስፈራራትም ጭንቀትን በጭንቀት ላይ መጨመር ነው። ጃኔት ዲፒየትሮ የተባለች የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2006 ባወጣችው ጥናት፣ በእርግዝናቸው ጊዜ በመጠኑ የተጨነቁ ጤነኛ እናቶች ልጆች በሁለት ዓመታቸው በአእምሮም በእንቅስቃሴም እድገት ላቅ ብለው እንደተገኙ አሳይታለች። ጥቂት ሐሳብ የኑሮ ቅመም ነው፤ የሚያሰጋው ሌት ተቀን የማይለቀው ነው።

የራሳችንን ታሪክ ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። እናቶቻችን ልጅ በሆዳቸው ይዘው ወደ ሱዳን በእግራቸው ሄደዋል፣ በመጠለያው ቤተሰባቸውን ቀብረዋል። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲመጣ በአውሮፕላን ውስጥ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ የበለጠ ጭንቅ ከየት ይመጣል? ከዚያ መከራ መካከል የተወለዱ ብዙዎች ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው።

ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ ጥናት ደግሞ አለ፤ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንመለከተው ይህን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ባለችው በቡታጅራ አካባቢ ሻርሎት ሃንሎን፣ አታላይ ዓለም፣ ግርማይ መድህንና ሌሎች ተመራማሪዎች በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የነበሩ 1,065 ሴቶችን እስኪወልዱና ከዚያም በኋላ ተከታትለዋል። ውጤቱ በ2009 ታተመ። በጭንቀትና በሐዘን ተይዘው የነበሩት ሴቶች ልጆች በክብደታቸው ከሌሎቹ አልተለዩም። ነገር ግን ምጣቸው ከአንድ ቀን በላይ የመርዘም ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር፤ ጡት ማጥባትም ዘግይተው ጀመሩ። ስለዚህ ጉዳቱ በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ጋ በክብደት፣ ሌላው ጋ በምጥ ይታያል። በአማርኛችን ምጥ የያዛትን ሴት «ጭንቅ ላይ ናት» እንላለን፤ የቡታጅራ ሴቶች ላይ ጭንቀቱና ጭንቁ እውነትም ተገናኝተው ተገኙ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አይተዋል። በፈረንጅ አገር የተዘጋጀው የኤድንብራ መጠይቅ፣ በ1987 የወጣውና 10 ጥያቄዎች ያሉት፣ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በዚያ ገጠር ሲሞከር የተጨነቀችውን ካልተጨነቀችው በደንብ መለየት አልቻለም። የተሻለ የሠራው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ድካም ጭምር የሚጠይቅ ሌላ መጠይቅ ነው። የቡታጅራ ሰዎች የእኛ ሰዎች አይደሉም፤ ሆኖም አነጋገራቸው ሩቅ አይደለም። እኛም «ድብርት ይዞኛል» ብለን አንጀምርም። ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ሰውነቴ ይቃጠላል ነው የምንለው። ሐኪሙ የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቶ ይሸኘናል፤ እኛም አልተሻለንም ብለን ሌላ ሐኪም እንፈልጋለን።

በጢፓት ሐላብ ነርሷ የምትጠይቀው ይኸው የኤድንብራ መጠይቅ ነው። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይጠየቃል፤ የሚጠይቀውም ስላለፉት ሰባት ቀናት ነው። ፈተና አይደለም፤ ልጅ ለመንጠቅ ወይም «እብድ ናት» ብሎ ለመጻፍ የተዘጋጀም አይደለም። ብዙ ነጥብ የመጣላት ሴት ወደ ሶሻል ወርከር፣ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ወደ ሐኪም ትላካለች። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ በእርግዝና ጊዜ ሊወሰዱ የሚችሉ መድኃኒቶችም አሉ። ከእርግዝናዋ በፊት የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት ስትወስድ የነበረች ሴት ሐኪሟን ሳታማክር በራሷ ፈቃድ አታቋርጠው።

ነርሷ ስትጠይቅ ታዲያ በራሳችን ቋንቋ ብንመልስ ይሻላል። «ራሴን ያመኛል» የምትል እናት፣ «ሕመሙ የጀመረኝ እናቴ ጎንደር ቀርታ እሷን ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ነው» ብላ ብትጨምርበት ነርሷ ነገሩን ከሥሩ ትይዘዋለች። ከ1998 ጀምሮ ረፉአ ሽሌማ በተባለው ፕሮግራም አማርኛ ተናጋሪ መጋሽሪም በተለያዩ የኩፓት ሆሊም ክሊኒኮች ሲያገለግሉ ቆይተዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕመምተኛው በቋንቋውና በባህሉ እንዲያቀርቡ አዟል። ተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ስለ ሥራ የምትጨነቅ እናትም መብቷን ትወቅ። በሕጉ መሠረት በቀን ከአራት ሰዓት በላይ የምትሠራ ሙሉ ሠራተኛ በእርግዝናዋ ጊዜ ለምርመራ 40 ሰዓት ድረስ ደመወዟ ሳይቆረጥ ልትቀር ትችላለች። በአንድ አሠሪ ዘንድ ስድስት ወር የሠራችን ነፍሰ ጡር ደግሞ አሠሪው ያለ መንግሥት ፈቃድ ሊያባርራት አይችልም። በጽዳት ሥራ ያሉ እህቶቻችን ይህን ስለማያውቁ ምርመራቸውን ሲተዉ እናያለን። ከላይ «የኑሮዬን ነገር ራሴ መምራት እችላለሁ ብሎ ማመን» ያልነው ጠባይ አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ካለች አንዲት ወረቀት ነው።

ለባሎችና ለአማቶችም የምንለው አለን። በመንደራችን አራስ ለወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ከቤት ተለይታ ትቆይ ነበር። ብርዱም፣ ለሕይወት ማስጋቱም ቀላል አልነበረም፤ ያንን አንመኝም። ግን በምጧ ጊዜ በሴቶች ተከባ ነበር፣ በአራስነቷም ወፍጮና ማድ ቤት አይነካትም፣ ምግቧ ይመጣላት ነበር። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ልጆች ይዛ፣ ጎረቤቷን ሳታውቅ ነው የምትወልደው። በ2017 የወጣ፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ያሰባሰበ ግምገማ፣ በምጧ ጊዜ ከአጠገቧ የማይለይ ሰው ያላት ሴት ምጧ እንደሚያጥርና በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እዚህ አገር ይህን ሥራ የሚሠሩ ሴቶች «ዱላ» ይባላሉ። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ አይማቱም፣ እጅ ይዘው ወገብ ያሻሉ እንጂ። ገንዘቡ ከሌለ እህት ወይም አክስት ትበቃለች፤ ከወዲሁ ማን አብሯት እንደሚገባ ተነጋገሩ።

ሁሉን ነገር በጭንቀት ማሳበብም አደገኛ ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላ ሆድ በየደቂቃው እየጠነከረ ቢመላለስ፣ ውኃ ቢፈስ፣ ደም ቢታይ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ቢቀንስ «ሐሳብ ስላበዛሁ ነው» ተብሎ አይታደርም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

የመጠይቁ አሥረኛ ጥያቄ ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል ወይ የሚል ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ይህን ለእናቷ እንድትተረጉም ማድረግ አይገባም፤ ብትተረጉመውም እናት በልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለባት ሴት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሂድ፤ ሌሊትም ቢሆን በ1201 ወደ ኤራን መደወልና ስምን ሳይናገሩ መነጋገር ይቻላል። በጢፓት ሐላብ ጥያቄው ሲጀመር ደግሞ ለነርሷ የሚባለው ይህ ነው፦ «አኒ ሮጻ ለዳቤር በአምሃሪት፣ ብሊ ሃየላዲም»፤ በአማርኛ መናገር እፈልጋለሁ፣ ልጆቹ በሌሉበት።